ሳይበሉ መበላት

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ውድድር ባለበት ቀን ምን እንደምትበሉ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያስደነግጣል። አንድ አንባቢ ከጨዋታ በፊት ስድስት ጥሬ እንቁላል እንደሚጠጣ ነግሮኛል። ወንድሜ፣ ቼዝ እንጂ ቦክስ አይደለም። ደግሞ ቀቅለው።

ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ። ዶክተር አይደለሁም፤ ግራንድማስተርም አይደለሁም። ጨዋታውን የለመድኩት በደርግ ጊዜ በቀበሌ መዝናኛ ነው። የሰሌዳችን ግማሽ ወታደሮች ጠፍተው በቆርኪ ተተክተው ነበር። እስካሁን ቆርኪ ባየሁ ቁጥር ወደፊት አንድ ቤት ልገፋው ያምረኛል።

ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጋሼ፣ የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። ውድድራችን በቀን ሁለት ዙር ነው። ጠዋት ጥሩ እጫወታለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን በእጄ የገባ ጨዋታ ያመልጠኛል። አሠልጣኜ «ትኩረት የለህም» ይለኛል። ቁርሴ ፓስቲና ሻይ ነው። ምሳ ሰዓት ስለማይኖር ለስላሳና ብስኩት እገዛለሁ። ማታ ማታ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አከፋፈት) አጠናለሁ። ቼዝ ተጫዋች በቀን 6000 ካሎሪ ያቃጥላል ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ብዙ መብላት አለብኝ ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

ልጄ፣ አሠልጣኝህን አትቀየመው። እኔንም ለዓመታት እንደዚያ ይሉኝ ነበር። እስቲ የራሴን ጉድ ላጫውትህ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ውድድር ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። ሌላ ነገር አልቀመስኩም። የመጀመሪያው ጨዋታ ተጎተተ፤ አራት ሰዓት ሊፈጅ ምንም ሳይቀረው አለቀ። ለሁለተኛው ዙር ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። ከሱቅ ለስላሳና ክሬም ብስኩት ገዝቼ ቆሜ ጨረስኩ። ተጋጣሚዬ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከፌስታል የበሶ ጭብጦ አወጡ። እየቆረሱ ቀስ ብለው በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ። በሆዴ ሳቅኩባቸው። የሚዘምቱ ነው የሚመስሉት።

ጨዋታው ተጀመረ። እስከ ሁለተኛው ሰዓት ድረስ አንድ ሩክ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) በልጬ ነበር። ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግንባሬን አላበኝ። ሰሌዳው እዚያው ነው፣ እኔ ግን የለሁም። ሩኬን አንስቼ ወታደራቸው አፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰውየው ወዲያው አልበሉም። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ደህና ነህ?» የሚሉ መሰለኝ። ከዚያ በሉ። እኔ ሳልበላ ሩኬ ተበላ።

ያንን ቀን ከነርስነቴ ጋር ለማገናኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አፍርበታለሁ። በባዶ ሆድ የተጠጣ ለስላሳ ስኳሩ ደም ውስጥ የሚገባው በፍጥነት ነው። ሰውነት ኢንሱሊን ይለቃል፣ ስኳሩም ይወርዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ቀድሞ ከነበረበት በታች ይወርዳል። ሁለት ስኒ ቡናና ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ማጣት ሲጨመርበት መንቀጥቀጡ አይገርምም። የአንተም ከሰዓት በኋላ የዚህ ዘመድ ይመስለኛል።

ስለ 6000 ካሎሪው፦ እኔ አላምንም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ነው። በእረፍት ላይ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 ከመቶ ገደማ ይወስዳል። በቀን ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ማለት ነው። አጥብቀህ ብታስብም የሚጨምረው ጥቂት ነው። 6000 የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌተኛ ተራራ ሲወጣ የሚያቃጥለው ዓይነት ቁጥር ነው። አንተ ወንበር ላይ ነህ።

«ታዲያ ካርፖቭስ?» ትለኝ ይሆናል። የያኔው የዓለም ሻምፒዮን ካርፖቭና ተፎካካሪው ካስፓሮቭ ለሻምፒዮናው ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1984 እስከ ፌብሩዋሪ 1985 ድረስ 48 ጨዋታ ተጫወቱ። 40ው አቻ ነበር። በመጨረሻ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ካምፖማኔስ አሸናፊ ሳይለይ አቋረጡት። ካርፖቭ በዚያ ጊዜ 10 ኪሎ ያህል እንደከሳ በሰፊው ይነገራል። ግን አምስት ወር ሙሉ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መዘጋት ማንንም ያከሳል። ሰውየው ሐሳብ አቃጥሎ አልከሳም፤ አልበላም፣ አልተኛም።

ስለዚህ ብዙ አትብላ። በሰዓቱ ብላ። ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ፉል በዳቦ ወይም እንቁላል ፍርፍር ይበቃሃል። ፓስቲውን ከፈለግክ ከውድድሩ በኋላ አክብርበት። በሁለቱ ዙሮች መሀል ምሳ ቤት ገብተህ ተሰልፈህ አትጠብቅ፤ ከቤት ይዘህ ውጣ። በሶ፣ ሙዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ዳቦ። አባቶቻችን በሶ ይዘው ረጅም መንገድ የሄዱት ያለ ነገር አይደለም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ቶሎ አያስርብም። ዋጋውም ከለስላሳና ብስኩት አይበልጥም። ሰሌዳው አጠገብ ውሃ አስቀምጥ። ሁለት ሰዓት ካለፈ ወጣ ብለህ ግማሽ ሙዝ ብላ።

የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግኑስ ካርልሰን እንኳ በጨዋታ መሀል ብርቱካን ጭማቂ ይጠጣ ነበር። በኋላ ባለሙያዎች መክረውት ትቶ ቸኮሌት ወተትን ከተራ ወተት ጋር ቀላቅሎ መጠጣት ጀመረ ይባላል። አንተ ቸኮሌት ወተት አያስፈልግህም። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይግባ።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። 90 ደቂቃ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ የሚጨመርበትን ጨዋታ አስብ። 60 እንቅስቃሴ ከሄደ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ይሆናል። አንተ ግን የምትለማመደው ስልክ ላይ የሦስት ደቂቃ ብሊትዝ ነው አይደል? አልጻፍክልኝም፤ ዕድሜህን አይቼ ነው። የመቶ ሜትር ልምምድ አድርጎ ማራቶን የሚገባ የለም፤ ያውም በዚህ አገር።

በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ጨዋታ ተጫወት። ውድድሩ የሚካሄድበት ሰዓት ላይ ይሁን። ቦትቪኒክ የሚባለው የሶቪየት ሻምፒዮን የትምባሆ ጭስ ስለሚረብሸው ከጓደኛው ከራጎዚን ጋር በልምምድ ሲጫወት ጭሱን ፊቱ ላይ እንዲለቅበት ያደርግ ነበር። ጭሱን አልመክርህም። ልምምድህ ግን ውድድርህን ይምሰል። የምትወዳደርበት አዳራሽ ጫጫታ ካለው አንዳንዴ ቴሌቪዥን የተከፈተበት ክፍል ውስጥ ተጫወት።

በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ሩጥ። ሩጫ ኮምቢኔሽን (ተከታታይ የጥቃት እንቅስቃሴ) አያሳይህም። አራተኛው ሰዓት ላይ ወገብህ ሲያምህ ግን «ይለቅልኝ» ብለህ አቻ እንዳትጠይቅ ይረዳሃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዱባይ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ካርልሰን ሩሲያዊውን ኔፖምኒያሺን በስድስተኛው ጨዋታ ያሸነፈው በ136ኛው እንቅስቃሴ ነው። ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ግጥሚያ ከዚያ ወዲህ ኔፖ ቀና አላለም፤ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አስራ አንደኛውን ተሸነፈ። ካርልሰን ኳስ የሚወደው፣ ጂም የሚገባው ለቁመናው ብቻ አይመስለኝም።

የማታውን ኦፕኒንግ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዝጋ። ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድከውን ተጋጣሚህ በሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ሌላ ነገር ተጫውቶ ገደል ይከትብሃል። የተኛ ሰው ግን ያኔም ያስባል።

የመጨረሻ ነገር። እንቅስቃሴ ስትመዘግብ ጎኑ ላይ የቀረህን ሰዓት ጻፍ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ቤት ስትገባ ስህተቶችህን ከሰዓቱ ጋር አስተያይ። በመጀመሪያው ሰዓት የምትሳሳት ከሆነ ጉድለቱ ቼዝህ ላይ ነው፤ መጽሐፍ አንሳ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚከመር ከሆነ ሆድህንና እንቅልፍህን ጠይቅ። አሥር ጨዋታ መዝግበህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

እኔ ጾም አልፈታም። የዘንድሮ ውድድራችን ሁዳዴ ላይ ዋለ። እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከሁሉ የከፋው ራስ ምታቱ ነው። ጾሜንም ጨዋታዬንም እንዴት ላድርግ? (ከጎንደር)

እህቴ፣ በጾምሽ ውስጥ አልገባም። እሱ የአንቺና የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው። እኔ በቀረው ላይ ልናገር።

የጾም ምግብ ራሱ ለቼዝ ምንም አይጎድለውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒ ተጫዋች አሳምረው ያኖራሉ። ፈተናው ባዶ ሆድ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የውድድሩ ቁርስ የዋዜማው እራት ነው። ብዙ ሰው በጾም ማታ ላይ እንጀራ በሽሮ ለመጠን ቀምሶ ይተኛል። አንቺ ግን ምስሩን አብዢው፣ አቮካዶ ወይም ኦቾሎኒ ጨምሪበት። ውሃውን ከ9 ሰዓት ጀምረሽ እስክትተኚ ድረስ በየጊዜው ጠጪ፤ ሲተኙ አንድ ሊትር ማንቆርቆር ለሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ከማመላለስ በቀር ጥቅም የለውም።

ራስ ምታቱን ግን በቡና ነው የምጠረጥረው። በሌላው ጊዜ ጠዋት ቡና የምትጠጪ ከሆነ በጾም ቀን ሰውነትሽ ቡናውን ይጠይቃል። ካፌይን የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል፤ ጥቂት ቀን ይቆይበታል። መድኃኒቱ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ውድድሩ ከመድረሱ አሥር ቀን በፊት ስኒውን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አውርጂው። እናትሽ ወይም ጎረቤት «አቦል ብቻ ጠጥተሽ?» ብለው ይቆጡሽ ይሆናል። ቻይው።

ሰሌዳው ላይስ? ጉልበትሽ የት እንደሚያልቅ ስለምታውቂ ከባዱን ሐሳብ ቀድመሽ አውጪ። በመጀመሪያው ሰዓት ሰዓት አትቆጥቢ። ሁለት ዙር ባለበት ቀን ደግሞ ውድድሩ የሚፈቅድ ከሆነ አንዱን ዙር በግማሽ ነጥብ ማለፍ ይቻላል፤ ዳኛውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ክለባችን ውስጥ ረመዷንን የሚጾሙ ልጆች አሉ። እነሱ ሱሑርን አይዘልሉም፤ ጥሩ ልማድ ነው። አንደኛው ግን ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳውን ደራርቦ ማታ ጨዋታ ላይ ሰሌዳው ላይ አንቀላፋ። አሁን በተምርና ውሃ ይጀምራል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ ዋናውን ምግብ ከጨዋታው በኋላ ያደርገዋል። ደረጃው ከፍ አለ አልልም። ማንኮራፋቱ ግን ቆሟል።

ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ቡና ጠጥቼ ስጫወት እበረታለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ «ጫት ቃምና ተመልከት፣ አሥር እንቅስቃሴ ወደፊት ታያለህ» ይሉኛል። ምን ትላለህ? (ስሜ ይቅር)

ስምህ ይቅር።

ቡናን ከአንተ አልነጥቅም፤ እኔም አልተውኩትም። ካፌይን በውድድር የተከለከለ አይደለም። ያነቃል። ንቁ ሰው ሁሉ ግን በሰዓቱ አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጀርመን ጥናት 39 ተጫዋቾችን በካፌይንና በሌሎች ሁለት አነቃቂ መድኃኒቶች ፈትኖ ነበር። ከኮምፒውተር ጋር አጭር ጨዋታ አጫወቷቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት በየእንቅስቃሴው ረዘም አድርገው አሰቡ፤ በሰዓት የተሸነፉትም በዙ። ብሊትዝ የምትጫወት ከሆነ ይህን አስብበት። ካፌይን ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ከአምስት ሰዓት በኋላ ግማሽ ያህሉ ገና ደምህ ውስጥ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሦስቱንም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ ጨርሰህ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አትበለኝ።

ጫቱን በተመለከተ በቀጥታ ልንገርህ። አትሞክረው። ቼዝ በዓለም አቀፍ የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ሥር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ካቲን የሚባለውም ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያስቀጣል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ማን ይመረምረኛል ትል ይሆናል። ይሁን። ግን የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል፣ እንቅልፍህን ይበላል፤ ከላይ ለሐዋሳው ልጅ የጻፍኩትን ሁሉ በአንድ እሽግ ያፈርሳል። በወጣትነቴ ምርቃና ላይ ሆነው ሲጫወቱ ያየኋቸው ነበሩ። አሥር እንቅስቃሴ ወደፊት ያያሉ፤ እሱስ እውነት ነው። ተጋጣሚያቸው ግን በሁለተኛው ላይ ሌላ ነገር ይጫወታል።

የ9 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ውድድር አለው። በአንድ ቀን አምስት ዙር። ከሦስተኛው በኋላ ያለቅሳል። ዶናት እንጂ ሌላ አልበላም ይለኛል። ቆሎ ልስጠው ብዬ አሰብኩ፤ ሰሌዳው ላይ መብላት ይቻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ቆሎ ማሰብዎ ደስ ብሎኛል። ሰሌዳው ላይ ግን አይሆንም። ዝም ባለ አዳራሽ ውስጥ ገብስ ቆሎ ሲቆረጠም እንደ ወፍጮ ነው የሚሰማው። ሕጉ ተጋጣሚን መረበሽ ይከለክላል፤ ዳኛው ቢቆጣ ልክ ነው። በዙሮቹ መሀል ውጭ ይቆርጥም።

ምግብ ቼዝ ላይ ጠብ ሲያስነሳ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፒንስ፣ ባጊዮ ውስጥ ካርፖቭ ከኮርችኖይ ጋር ለዓለም ሻምፒዮና ሲጫወት በጨዋታው መሀል አንድ ኩባያ ሐምራዊ እርጎ መጣለት። የኮርችኖይ ሰዎች «ይህ የምስጢር መልእክት ሊሆን ይችላል» ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻ እርጎው በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ አስተናጋጅ እንዲመጣ ተስማሙ። የእርስዎ ልጅ ዶናት እዚህ ደረጃ ባይደርስ ይሻላል።

ዶናቱን በአንድ ቀን አይንጠቁት፤ ጦርነት ይሆናል። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ያድርጉለት፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም። ጠዋት ቤት ውስጥ እንቁላል በዳቦ ወይም ጨጨብሳ ይብላ። በመሀል ሙዝ፣ አይብ፣ የተረፈ ፍርፍር በእቃ። ኦቾሎኒ ግን በአለርጂ ምክንያት አንዳንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለማይፈቀድ ይጠይቁ። በዙሮቹ መሀል ስልክ ላይ ቼዝ አያጫውቱት። ውጭ አውጥተው ያስሩጡት።

ሲሸነፍ ደግሞ መጀመሪያ «ለምን?» አይበሉት። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ዝምታ። ሲጠግብ ራሱ ይነግርዎታል። የእኔ ልጆች ከሦስተኛው ጉርሻ በፊት ስለ ጨዋታው ተናግረው አያውቁም።

የ67 ዓመት ሰው ነኝ። ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ሱቅ በረንዳ ላይ በየቀኑ ቼዝ እንጫወታለን። ወደ 6 ሰዓት ገደማ ያልበኛል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ንግሥቴን እንዲሁ እሰጠዋለሁ። ጓደኛዬ «አረጀህ» እያለ ይስቅብኛል። ጨዋታው ሲጥመን ምሳ እናሳልፋለን። (ከደብረ ብርሃን)

አባቴ፣ ይህ እርጅና አይመስለኝም። ኢንሱሊን ተወግቶ ምሳ ማሳለፍ የደም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የዓይን መደብዘዙ፣ ግራ መጋባቱ ምልክቱ ነው። ችላ ከተባለ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ይህን ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ የሚያልብዎትን ሰዓትና የሚወጉትን መጠን ይንገሯቸው። መለኪያ ካለዎት ሲያልብዎት ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ።

እስከዚያው ኪስዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ምልክቱ ሲመጣ ጨዋታውን አቁመው ወዲያው ይውሰዱ፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ከላይ ለልጁ ለስላሳ አትጠጣ ብያለሁ፤ እርስዎ በዚያች ሰዓት ላይ ሌላ ነዎት፣ ይጠጡ። ሰዓቱ ይሂድ። ምሳ ደግሞ በሰዓቱ ይሁን፤ ሰሌዳውን እንዳለ በጨርቅ ሸፍነው ይሂዱ፣ ማንም አይነካውም።

ጓደኛዎ ደግሞ ይህችን ገጽ ያንብቡ። ላብ ባላበዎት ቀን የበሉትን ንግሥት ሁሉ ይመልሱ።